ግድግዳ ላይ የኖረው ወረቀት

መስከረም 12

ለልጄ፤

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። መልስ ያዘገየሁት አኩርፌ አይደለም፤ ለማኩረፍ ከአንተ የበለጠ ምክንያት የሰጠኝ ሰው ባይኖርም። እጄ ነው ያስቸገረኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሲጨምቅ የኖረ እጅ እስክሪብቶውንም ሊጨምቀው ይፈልጋል። ሦስት መስመር ስጽፍ አውራ ጣቴ ይደነዝዛል፤ እስኪነቃ ሻይ አፈላለሁ። ይህን ያህል ሻይ በዕድሜዬ ጠጥቼ አላውቅም።

በዚህ ዕድሜሽ ትምህርቱን ምን አመጣው ብለሃል። ምን ያመጣዋል፣ አዲሱ አስተዳዳሪ ነዋ። ድሮ አንሶላውን የምንለየው በጠርዙ ክር ነበር፤ ቀይ የቀዶ ጥገና፣ ሰማያዊ የሕፃናት፣ አረንጓዴ የወላዶች። እሱ መጣና ክሩን አስቀርቶ ጽሑፍ አደረገው። ማንበብ የማይችል ወደ ቤቱ። በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ጫማዬ በዕድሜ ከሚበልጣት አስተማሪ ፊት ተቀምጬ «ሀ» ስል ከረምኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ይኸው አሁን ደብዳቤህን ሳነብ የጎረቤት አስተያየት አብሬ አልሰማም።

ልጅህ ፌንጣ ደህና ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷን ከያዘች ወዲህ አንድ ቦታ አትቀመጥም፤ ስሙን ያወጣሁላት በከንቱ አይደለም። ክፍሏ ውስጥ ያንተን ፎቶ ሰቅላለች፤ አሥራ አንደኛውን ዋንጫ ይዘህ የተነሣኸውን፣ ከሥሩ «ላባው» የሚል ያለበትን። አገር ሁሉ ላባው ይበልህ እንጂ እኔስ ስወልድህ ሦስት ኪሎ ተኩል እንደነበርክ አስታውሳለሁ።

የላክኸው ውል ደርሷል። ፌንጣ እዚሁ ከተማችን ባለው፣ አንተ በምትጋልብለት የውድድር ፈረሶች ጋጣ የልምምድ ሜዳ ለጋላቢነት እንድትገባ የአሳዳጊ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እናቷ ጥላት ከሄደች ወዲህ በሕግ አሳዳጊዋ እኔ ነኝ፤ እስከ ኅዳር አንድ ተፈርሞ ይግባ ትላለህ። ገብቶኛል። ግን ገና አልፈረምኩም። አንተን ስሰጥ አንብቤ አልነበረም፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ነው። እሷን የምሰጥ ከሆነ አንብቤ ነው። የማነበው ቀስ ብዬ ስለሆነ ታገሠኝ። እስከዚያ ከገባች ምን እንደምትበላ ጻፍልኝ።

ጽሑፍህ ምነው ወደ ጎን ተጋደመ? ተኝተህ ነው የምትጽፈው?

እናትህ


መስከረም 20

እማዬ፤

በራስሽ እጅ የጻፍሽውን አሁንም አሁንም አነባለሁ። ፊደሎችሽ እንደ አንቺ ናቸው፤ እያንዳንዱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመ ይመስላል።

ስለ ጽሑፌ አታስቢ፤ የምጽፍበት ጠረጴዛ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። ደህና ነኝ። በዚህ ወር ብዙም አልጋለብኩም፤ ዕረፍት ላይ ነኝ።

ምን ትበላለች ብለሽኛል። እማዬ፣ ጊዜው እኮ ተለውጧል። እኔ ከውድድር በፊት የጎማ ካፖርት ለብሼ ሙቅ ክፍል ውስጥ እየተንፈቀፈቅሁ ሁለት ኪሎ በላብ ስጥል የነበርኩበት ዘመን አልፏል። አሁን የምግብ ባለሙያ አለ፣ ሐኪም አለ። ልጅቷን በክረምቱ መግቢያ እኔ ጋ መጥታ ፈረስ ላይ ስትቀመጥ አይቻታለሁ፤ ፈረሱ ሰው መጫኑን አላወቀም። እንዲህ ያለ አቀማመጥ አይማሩትም።

ሌላም ነገር አለ፤ ሳልነግርሽ የቆየሁት ተስፋ ሰጥቼሽ እንዳልቀር ነው። ፌንጣ ከገባች እኔንም እዚያው ከተማ የልምምድ ሜዳው አሠልጣኝ አድርገው ሊልኩኝ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «መቼ ነው የምትመጣው» ስትዪኝ ኖረሻል። ይኸው መልሱ በአንቺ እጅ ነው።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፤ የተለመደ ቅጽ ነው። ዓይንሽን አታድክሚ። ፌንጣ ታንብብልሽና ፈርሚው።

ልጅሽ


መስከረም 30

ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ከየት እንደምጀምር አላውቅምና ከሆነው እጀምራለሁ።

ወረቀቱን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ የቆሸሸ አንሶላ በተሞላ ከረጢት ላይ ተቀምጬ። በመጀመሪያው ቀን እስከ ሦስተኛው አንቀጽ ደረስኩ። ጋጣው ያሠለጥናል፣ ጋጣው ልብስ ይሰጣል፣ ጋጣው ቢጎዱ ያሳክማል። ደስ ብሎኝ አደርኩ። በማግሥቱ አራተኛው ላይ ደረስኩ። ልገልብጥልህ፦

«አሳዳጊው ሠልጣኙ አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ክብደቱ ከአርባ ኪሎ እንዳያልፍ ምግቡን በመቀነስ የመቆጣጠር ግዴታ አለበት።»

«ኪሎ» የሚለውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በሥራ ቦታዬ ሚዛን ላይ ተጽፎ በየቀኑ የማየው ነው፤ እንዲያውም መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል እሱ ነው። «ምግቡን በመቀነስ» የሚለውን ግን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። የተሳሳትኩ መሰለኝ። አስተማሪዬ፣ ስትቸኩዪ ፊደል ትገምቻለሽ ትለኛለች። አልገመትኩም።

ከዚያ የወረቀቱን ራስ አየሁ። የሚዘል ፈረስ ታትሞበታል። ይህን ፈረስ የት ነው የማውቀው አልኩ።

ልጄ፣ ፈረሱ ቤቴ ነበር። ከቁም ሣጥኑ በላይ፣ በመስታወት ክፈፍ፣ ሠላሳ ዓመት። አንተ የተሰጠህበትን ወረቀት እንደ ሽልማት አስከፍፌ ሰቅዬው የለም? ማንበብ ከተማርኩ በኋላም ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ለእኔ ሥዕል ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። አቧራውን ጠርጌ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። አራተኛው አንቀጽ እዚያም አለ። ቃል በቃል። ከሥሩ አውራ ጣቴ፣ ሐምራዊ ሆኖ።

ያኔ የማስበው ነገር ስንት ሰው እዚያ ወረቀት ሥር ተቀምጦ ሻይዬን እንደጠጣ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ። የቤት ኪራይ የሚሰበስበው ሰውዬ። አንዳንዱ እንዲያውም ቆሞ ያነበው ነበርና እኔ እኮራ ነበር። በማግሥቱ ጡረታ የወጣችውን ነርስ ጎረቤቴን ያዝኳት።

«አንቺ፣ ይህን ወረቀት አንብበሽው ታውቂያለሽ?»

«የትኛውን? የፈረሱን? አንብቤዋለሁ።»

«አራተኛውንም?»

ልብሷን ማስጣት ቀጠለች። «የምታውቂው መስሎኝ ነዋ እህቴ። ደግሞ ልጅሽ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ምን ልበልሽ? ሰው ሲኮራ አይነካም።»

ይኸው ነው። ያወቀ ሁሉ ያወቅሁ መስሎት ዝም አለ።

ገና አልጨረስኩም። እንዳልከው ፌንጣን አስነበብኳት። አውቄ ነው፤ መነጽሬን ትራሴ ሥር ደብቄ። «መነጽሬ ጠፋብኝ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት። አንደኛውን አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛውን አነበበች። ከዚያ አምስተኛውን አነበበች።

«ሌላ የለውም?» አልኳት።

«የለውም እማማ። ፈርሚው በቃ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ያኔ አንተን የሰጠሁበት ቀን ትዝ አለኝ። አንተ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። በቤቱ ፊደል የሚያውቅ አንተ ብቻ ነበርክ። ባለ ባርኔጣው አሠልጣኝ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ያነበብክልኝ አንተ ነህ። ምን ነበር ያነበብክልኝ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። የምትልከው ወረቀት በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ፖስታውን ስከፍት የራሴን ሥራ ቦታ የከፈትኩ ነው የሚመስለኝ። የጋጣ ሰው ፈረስ ይሸታል እንጂ አንሶላ አይሸትም። የት ነው ያለኸው?


ጥቅምት 8

እማዬ፤

ሁለት ነገር ጠይቀሻል። የቀለለውን ላስቀድም።

ሆስፒታል ነኝ። ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ከፈረስ አልወደቅሁም፤ ወድቄ ቢሆን ያን ጊዜውኑ በነገርኩሽ፣ መውደቅ የሥራችን ነው። ውድድሩን አሸነፍኩ። እንደ ደንቡ ኮርቻዬን ታቅፌ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ልኩ ትክክል ነው፣ ጸድቋል አሉኝ። ከሚዛኑ ስወርድ ዳሌዬ ተሰበረ። ሚዛኑ ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው፤ ጸሐፊው እስክሪብቶ የተሰበረ መስሎት ጠረጴዛውን አየ።

ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ይዞ ነርሷን «የማንን ነው ያመጣሽልኝ?» አላት። የእኔ መሆኑን ስትነግረው መዝገቡን ጠየቀ። አርባ ሁለት ዓመት የሚለውን አነበበና እኔን አየኝ። የሰማንያ ዓመት ሴት አጥንት መስሎት ነበር። በልጅነትህ ምን ትበላ ነበር አለኝ። ጋዜጣው የጡንቻ መሸማቀቅ ብሎ ጽፏል፤ ፌንጣም እሱን ነው ያነበበችው። እባክሽ እንደዚያው ይቅር።

አሁን ሁለተኛው። አዎ። አራተኛውን ዘልዬዋለሁ።

ሰውዬው ቤታችን ከመምጣቱ አምስት ቀን በፊት ፈረስ ላይ አስቀምጦኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ምግብ የሚባል ነገር ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም ነበር። አራተኛውን ባነብልሽ ወረቀቱን ቀድደሽ፣ ሰውዬውን በመጥረጊያ እንደምታባርሪው አውቄያለሁ። ስለዚህ የአንቺን ግዴታ እኔ ወሰድኩት። አራት ዓመት ሙሉ ራሴን ቀነስኩ። ዳቦውን በእጅጌዬ፣ ሥጋውን በካልሲዬ። አንድ ቀን ልብሴን ስታጥቢ ዳቦ አግኝተሽ ምግብ ትጥላለህ ብለሽ ገረፍሽኝ። እውነቱን ከምነግርሽ ዱላው ይሻለኝ ነበር።

አሁንም ፈርሚ እላለሁ ወይ ብትዪኝ አላውቅም። እዚህ ጣሪያ እያየሁ ስውል፣ ፌንጣ ካልቀጠለችው የእኔ ሁሉ ለምን ነበር እላለሁ። ከጋጣው ሌላ ቤት፣ ከላባው ሌላ ስም የለኝም።

ልጅሽ


ጥቅምት 17

ለልጄ፤

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ሥራ ገባሁ። ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። የወላዶችን አንሶላ ከቀዶ ጥገናው ጋር ቀላቅዬ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡኝ። አለቃዬ «ምን ነካሽ?» ሲለኝ «ልጄ ከሚዛን ሲወርድ ተሰበረ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ገርፌሃለሁ። ያችን ቀን አስታውሳታለሁ፤ በቀበቶ ነው። ዳቦው ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ስትመታ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቆምክ፤ እኔ ትዕቢት መሰለኝ።

አሁን እኔ የዘለልኩትን ልንገርህ። ጽፌው ካልወጣ ሌላ መውጫ የለውም።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ በጣትህ እየተከተልክ ነበር ያነበብከው፤ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩህ። ጣትህ መስመሩን ጨርሳ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ቆመች። ከዚያ ሁለት መስመር ዘላ ወረደች። ፊደል አላውቅም እንጂ ጣት አውቃለሁ። ያን ጊዜ አይቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያላየሁ መስዬ ኖርኩ እንጂ አይቼዋለሁ።

ባለ ባርኔጣው ግን ከፊቴ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ «እመቤቴ» ብሎኛል። እስከዚያ ቀን በዚያ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም። «ልጄ፣ የዘለልከውን እንደገና አንብብልኝ» ብል ደንቆሮነቴ ይታወቅብኛል ብዬ አፈርኩ። ያውቅ የለም እንዴ፣ የጣት ቀለሙን በኪሱ ይዞ እኮ ነው የመጣው። ይህን ያሰብኩት ግን ትናንትና ነው። ያን ቀን ያሰብኩት እመቤት መባሌን ብቻ ነበር። አውራ ጣቴን አተምኩ።

ስለዚህ ስቆጣህ የኖርኩትን ቁጣ እኩል እንካፈለው። ሳይመጣ ቀረ እያልኩ ለጎረቤት ያማሁህንም ጨምር።

አልፈርምም። ብፈርም ወደ ቤት እንደምትመጣ አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ነው። ቢሆንም አልፈርምም።

ችግሩ የእኔ አለመፈረም አለመብቃቱ ነው። ትናንት ካልሲዋን ሳጥብ የተቀቀለ እንቁላል አገኘሁ። ግማሹን። አልገረፍኳትም። ይዤው ክፍሏ ሄድኩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እንቁላል።»

«ካልሲ ውስጥ?»

«ኋላ ልበላው ብዬ።»

«ኋላ ማለት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላሽ ነው?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወዳንተ ፎቶ። «አባዬም ሻምፒዮን የሆነው እንዲህ ነው» አለች። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አንሶላ አጣቢ ነሽ።»

እውነቷን ነው። እኔ ብነግራት አንሶላ አጣቢ ነኝ። ግድግዳዋ ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ስለ ሚዛኑ አንተ ጻፍላት። ሐኪሙ የማን ፎቶ ነው እንዳለ ጻፍላት። ላባው የሚለው ስም እንደሚሄድብህ ይገባኛል። እኔም ከግድግዳዬ ላይ አውርጃለሁ።

እናትህ


ጥቅምት 27

እማዬ፤

ጣቴን እንዳየሽ ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ እጠላሽ ነበር። ስለዚህ ቁጣውን እኩል እንካፈለው ያልሽውን ደግመሽ አታንሺብኝ።

ለፌንጣ ጽፌያለሁ። በስሟ፣ በሌላ ፖስታ። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። በአምስተኛው ላባው ብዬ ሳይሆን አባትሽ ብዬ ስፈርም አለቀልኝ።

ለጋጣውም ልጅቷ አትመጣም ብዬ አስታውቄያለሁ። ያለ እሷ የአሠልጣኝነቱ ነገር እንደሌለ በሁለት መስመር መለሱልኝ። ኮርቻዬን በካርቶን አድርገው ልከውልኛል፤ አልጋዬ ሥር ነው። በምርኩዝ እስከ መስኮቱ እሄዳለሁ። ከዚህ ሲያስወጡኝ ወዴት እንደምሄድ ትጠይቂ ይሆናል። እኔም እያሰብኩበት ነው።

አትፈርሚ።

ልጅሽ


ኅዳር 5

ለልጄ፤

ቀኑ አለፈ፤ ውሉ አልሄደም። አዲሱንና አሮጌውን አንድ ላይ አጥፌ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከትቻለሁ። ክፈፉ የነበረበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ነርሷ ጎረቤቴ መጥታ «ምን ልትሰቅዪበት ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ተቀይማ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ፌንጣስ ምን አለች ትል ይሆናል። ደብዳቤህ የደረሰ ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። በማግሥቱም አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«እማማ፣ መነጽርሽ ጠፍቷል?» አለችኝ።

«አልጠፋም፤ ይኸው።»

«እንደጠፋ አድርጊው።»

መነጽሬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ደብዳቤህን ዘርግታ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረገችና ማንበብ ጀመረች። ፊቷን አላየሁም፤ ያየሁት ጣቷን ነው። መስመሩን ጨርሳ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ኮርቻውን ታቅፈህ የወጣህበት ጋ ደረሰች። ስትወርድ የሆነው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመች። ልትዘል ነው አልኩ። አልዘለለችም። ቀጠለች። እስክሪብቶ የተሰበረ የመሰለውንም፣ የሰማንያ ዓመት ሴቷንም፣ ዳቦውንም፣ ቀበቶዬንም። አንድም መስመር አላለፈችም።

ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፈችው።

«እንቁላል ልቀቅልልሽ?» አልኳት።

«ሁለት» አለች። ከዚያ ደግሞ «ፈረሱን ግን አልተወውም።»

«አትተዪው። ከብደሽው ይሸከምሽ።»

ፎቶህን አላወረደችውም። ከሥሩ ያለውን ስም ግን በወረቀት ሸፍናዋለች።

ወዴት እንደምሄድ እያሰብኩ ነው ብለሃል። ምኑ ነው የሚታሰበው? አናጺ አምጥቼ የበሩን ደፍ አስቆርጫለሁ። ቤታችን ከእንግዲህ ወጣ ገባ የለውም፤ ከመንገዱ እስከ አልጋህ ድረስ እግርህን ማንሣት አያስፈልግህም። ኮርቻህንም ይዘህ ና፤ ልጅቷ ትፈልገዋለች።

ቅዳሜ ሥራ ቦታዬ ይዣት ሄጄ ነበር። የእንፋሎቱ ማሽን ተበላሽቶ ክፍሉ ባዶ ነበር። አንሶላ የምንመዝንበት ሚዛን ላይ አቆምኳትና ቁጥሩን ራሴ አነበብኩት፤ አርባ አንድ። «አርባ አለፍሽ» አልኳት። ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየችው፤ ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም። የእኛም ሚዛን ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም። ስትወርድ እጇን ያዝኩ።

እናትህ